የከባድ መኪናው ተርቦ

በሰኔ ወር፣ አንድ እሑድ ከጧቱ አራት ሰዓት፣ ከጭነት መኪና አውልቀን በትንሿ የስፖርት መኪናዬ ላይ የገጠምነው፣ ለሞተር አየር የሚነፋው ተርቦ በወደብ ከተማዋ አሰብ ፈነዳ።

ትናንት አንድ ጋራዥ በር ላይ አፉ በጨርቅ የተወተፈ ተርቦ አየሁ። ቆሜ አየሁት።

የእኔው ተርቦ ሲፈነዳ ሃያ ዓመቴ ነበር። የወደቡን ከባድ መኪኖች የሚጠግኑት አዛውንት፣ ጋሽ ተፈራ፣ "ለፍየል የግመል ሳንባ!" ብለው ሲስቁብኝ ከርመው ገጠሙልኝ። የአሰብ ነፋስ አሸዋ ስለሚነዛ፣ ሥራ ሲቆም ክፍት ቱቦ ሁሉ በጨርቅ ይወተፋል። ሰማያዊ ሸሚዜን ቀድጄ የወተፍኩት እኔ ነኝ።

"ስንት ወተፍክ?" አሉኝ ያን ጧት።

"አምስት።"

"ስንት ነቀልክ?"

"አምስት! ኧረ ጋሼ፣ ላስነሣው!"

ስነቅል አልቆጠርኩም ነበር።

ሞተሩን አስነሣሁ። ጋሽ ተፈራ ድምፁን ሊያዳምጡ በተከፈተው ሞተር ላይ ጎንበስ አሉ። የተርቦው ፉጨት እየቀጠነ ሄደና ብረቱ ተሰነጣጥቆ ተፈናጠረ። የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩ።

"አንተ ደህና ነህ?" አሉኝ፣ ፊታቸውን ይዘው። በጣቶቻቸው መሃል ደም ይወርድ ነበር።

ቀኝ ዓይናቸው ዳግመኛ አላየም። ተርቦው ሲፈታ፣ ግሎ እንዳይሰበር ዘይት በሚያደርስለት ቱቦ ውስጥ ሰማያዊ ጨርቅ ተገኘ።