ከማን ተማርህ በለው

ይህ ነገር ከሆነ ዐሥር ዓመት አልፎታል። ስልጠና የሚባል ነገር በተነሳ ቁጥር ግን ዛሬም ትዝ ይለኛል።

ያኔ ንፋስ መውጫ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ ነበርኩ፤ ያውም በኮንትራት። ሥራዬ ሲጠሩኝ መሮጥ ነበር። ፕሪንተሩ ወረቀት ያዘ ብለው ይጠሩኛል፣ ኔትወርክ ጠፋ ብለው ይጮሁብኛል። ዛሬ የጠገንኩት ነገ ይበላሻል።

አንድ ቀን ከደብረ ታቦር አንድ ወጣት መጣ። ጫማው የንፋስ መውጫን ጭቃ የረገጠ አይመስልም። እዚያው ደብረ ታቦር ለአንድ ወር «የአይቲ አገልግሎት አስተዳደር» አሠለጥናለሁ አለኝ። ብልሽት እንዴት ተመዝግቦ በቅደም ተከተል እንደሚፈታ፣ ሲስተም ሲቀየርም ሥራ እንዳይቆም ምን እንደሚደረግ የሚያስተምር ነው። በፕላስቲክ የተለበጠ ባለ ማኅተም ሰርተፊኬቱን አሳየኝና «ቶሎ ተመዝገብ፣ ቦታው ሊሞላ ነው» ብሎ ፈገግ አለ።

ፈገግታው አላማረኝም። ከዚያ በፊት ስልጠና ብለው ሆቴል አዳራሽ ሰብስበው የጥርስ ሳሙና ሽጡ፣ ሌላ ሰው አምጡ ያሉን ጮሌዎች ነበሩ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። ደግሞ ወሩ ኮንትራቴ ከሚታደስበት ጊዜ ጋር ተጋጨ። አለቃዬ «ሂድ፣ ግን ወንበሩ ይጠብቀኛል ብለህ እንዳትሄድ» አለኝ። ስልጠናው የውሸት ከሆነ እንጀራዬን በገዛ እጄ መዝጋቴ ነው።

በዚያው ሰሞን የእናቴ ወንድም ለገበያ መጡ። ቤተ ልሔም በሚባለው ደብር ድጓ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው፤ እኛ ዘመዶቻቸውም የኔታ ነው የምንላቸው። ጭንቀቴን ነገርኳቸው። ሰርተፊኬቱ ግን ደህና ይመስላል አልኩ።

«ወረቀቱን ተወው» አሉኝ። «ከማን ተማርህ በለው። የመምህሩን ስም አስጠራና መምህሩን ጠይቅ። ተማሪ የት ላይ እንዳቆመ መምህሩ ያውቃል።»

ደወልኩ። ልጁ «ለምን ፈለግኸው?» አለና ባሕር ዳር ያለች የአንዲት ሴት ስልክ ሰጠኝ። ጥያቄውን ሌላ ጥርጣሬ አደረግኩት። ሴትዮዋም ግብረ አበሩ ትሆናለች ብዬ እያሰብኩ ደወልኩላት።

«አዎ፣ ተማሪዬ ነው» አለች። «በብልሽት አፈታት ጎበዝ ነው። የመጨረሻውን፣ የሲስተም ለውጡን ክፍል ግን አልጨረሰም። እሱን አስተምራለሁ ካለዎት እንዳይሰሙት።»

ግብረ አበር እንዲህ አይልም። መልሼ ለልጁ ደወልኩና እንደማያውቅ ሰው ሆኜ «ሁሉንም አንተ ነህ የምታስተምረው?» አልኩት።

«የለውጡን ክፍል አልችለውም» አለ። «እሱን መምህሬ መጥታ ነው የምታስተምራችሁ።»

ሄድኩ። ልጁ እውነትም ያውቅ ነበር። የመጨረሻው ክፍል ሊጀመር ሲል ግን የኮንትራቴ ነገር እንቅልፍ ነሳኝና አቋርጬ ንፋስ መውጫ ገባሁ። ወንበሬ ላይ የአለቃዬ የእህት ልጅ ተቀምጧል። አለቀስኩ ብል ውሸት አይደለም።

ሥራ ፈትቼ ከከረምኩ በኋላ ደብረ ታቦር ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ጠያቂው ጎልማሳ «ስልጠናውን ሙሉ በሙሉ ጨርሰሃል?» አሉኝ። አዎ የምትለዋ ቃል አፌ ላይ ነበረች። ማን ያያል? የየኔታ ፊት ግን ድቅን አለብኝ። «የለውጡ ክፍል ይቀረኛል» አልኩ፤ በልቤ አለቀልህ እያልኩ።

ሰውዬው «ስልጠናውን ማመልከቻህ ላይ አይተን ትናንት ለመምህርትህ ስንደውልላት እሷም ይህንኑ ነው ያለችን» አሉኝ። ሥራውን አገኘሁ።

ስልጠናው ይጠቅማል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። እኔን ጠቅሞኛል፤ ዛሬ በጠሩኝ ቁጥር አልሮጥም። ያን ቀን አዎ ብዬ ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስበው ግን አሁንም ያልበኛል። ያንን ልጅ እንደ ሌባ ማየቴም ያሳፍረኛል።

የቀረኝን ክፍል በኋላ ሄጄ ጨረስኩ። ደስ ብሎኝ ለየኔታ ስነግራቸው ቀና ብለው አዩኝና፣ «መምህርትህ ታውቃለች?» አሉኝ።