ለሙሽራዋ መኪና የመረጥኩት ካሴት

ዜናውን የሰማሁት ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ነው። ያኔ ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት እንሠራ ነበር፤ የወሩን ሪፖርት በሦስት ካርቦን እየመታሁ ነበር። የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ፣ በዕድሜ የገፉ የሲዳማ ሰው፣ በሩ ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ልማዳቸው ስላልነበረ እጄን ከጽሕፈት መኪናው ላይ አነሣሁ።

«የናንተ ጋሼ ተይዘዋል» አሉኝ። «መኪናዋ ኬላው ላይ ቆማለች። ሙሽራዋ መሬት ላይ ቁጭ ብላለች።»

ማን እንደነገራቸው አልጠየቅኩም። አፌ ላይ የመጣው «ቴፑ ተከፍቶ ነበር ወይ?» የሚል ነበር፤ እሱንም ዋጥኩት። ተቀምጬ ሪፖርቱን ጨረስኩ። አንድም ፊደል አልተሳሳትኩም። ይህን የምጽፈው ዕድሜዬን ሙሉ ጠንቃቃ ሴት ስባል ስለኖርኩ፣ ጥንቃቄዬ ምን ይመስል እንደነበረ አንባቢ አስቀድሞ እንዲያውቅ ነው።

እኔ የወለጋ ልጅ ነኝ። ሐዋሳ የመጣሁት በሥራ ምደባ ነው፤ ዘመድ የለኝ፣ ሲዳምኛ አልሰማ፣ ሐይቁን እንኳ ገና ከሩቅ ስፈራው። መሃል ከተማ አንድ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። የቤቱ ባለቤት ጋሼ፣ የአብዮቱ መንግሥት የዘጋው ጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ነበሩ። በሩ በሰም ታሽጎ፣ ወንበሮቹ ለቀበሌው አዳራሽ ተወስደው ነበር። ባለቤታቸውን እትዬ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው የእኛ እምነት ሰው አልነበሩም። ዘፈን ይወዳሉ፤ ሽንኩርት እየከተፉ ያንጎራጉራሉ፣ እኔ ስገባ ግን ዝም ይላሉ። ዝም ማለታቸውን እንደ ድል እቆጥረው ነበር። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ጋሼ አንዲት አሮጌ መኪና ነበረቻቸው። ጣሊያን ሠራሽ፣ የእርጎ ቀለም፣ መብራቶቿ ክብ፣ ማርሿ መሪው ሥር። ከአንድ ወደ አገሩ ከተመለሰ ቡና ነጋዴ ጣሊያናዊ የገዟት ናት፤ መኪናዋ በዕድሜ እኔን ትበልጠኝ ነበር። የራሷ ሬዲዮ ከሞተ ቆይቷል። ቤንዚን በኩፖን ስለነበር በወር ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ከሥራ በኋላ፣ አራት ሆነን እንሳፈርና መስኮቱን ዘግተን በሐይቁ ዳር እስከ ታቦር ተራራ ሥር ቀስ እያልን እንሄዳለን። እዚያች መኪና ውስጥ እንዘምራለን፣ እንጸልያለን። ቤት ለቤት መሰብሰብ ያስይዝ ነበር፤ በመኪና መንሸራሸር ግን ማንም አልከለከለም። ጋሼ «ከሚስቴ በፊት ጴንጤ የሆነችው መኪናዬ ናት» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

የእኔ ሥራ ካሴት መምረጥ ነው። ቴፑን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ከጋሼ ጎን እቀመጣለሁ። ሰው ቀላል ይመስለዋል። የዚያች መኪና ሞተር ድምፁ ወፍራም ነው፤ የወንዶች ዝማሬ ከከፈትኩ ይውጠዋል፣ የሚሰማው ጉርምርምታ ብቻ ነው። ጊታር ብቻውን ከሆነ ከበሩ መንቀጥቀጥ ጋር ይደባለቃል። የሚያምርባት አኮርዲዮንና የሴቶች ቀጭን ድምፅ ነበር። አቀበት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ስታቃስት ዝግ ያለ መዝሙር፤ ሐይቁ ዳር ለጥ ባለው መንገድ ላይ ሲሆን ፈጠን ያለ። ፈጣኑን አቀበት ላይ ብከፍት ጋሼ ፊታቸውን ሳያዞሩ «ልጄ፣ አታስቸኩያት» ይሉኛል። ጉድጓድ ሲመጣ ካሴቱ እንዳይንገዳገድ ቴፑን አንሥቼ በአየር ላይ እይዘዋለሁ። ሌላ ካሴት ደግሞ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነበረ፤ የአብዮቱ ሰልፍ ዜማ ያለበት። ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ከሩቅ ካየሁ እቀይራለሁ። ጥፍሬ እስኪሰበር ተለማምጄዋለሁ። በዓመት ከምናምን ጊዜ ውስጥ አንድም ቀን አልተያዝንም።

ከዚያ ሠርጉ መጣ። ሙሽራው ከመካከላችን ያለ አስተማሪ ነው፤ ሙሽራዋ ይርጋለም ነው ያለችው። ጋሼ በመኪናዋ ሊያመጧት ቃል ገቡ። መኪናዋ ጠባብ ስለሆነች ሙሽሮቹና ሁለቱ ሚዜዎች ሲገቡ ለእኔ ቦታ አልተረፈም፤ እኔም ከሥራ መቅረት አልችልም ነበር።

የሠርግ መኪና ዝም ብሎ ከተማ ሊገባ አይችልም። ምን ይከፈት በሚለው ሳምንት ሙሉ ተነጋገርን። የሰልፍ ዜማ ለሙሽራ አይሆንም፣ ለቅሶ ያስመስለዋል። መዝሙር ያስይዛል። እትዬ የራሳቸውን የሠርግ ዘፈን ካሴት አመጡ። ይህን ማንም አይጠይቃችሁም፣ አገር ሁሉ የሚከፍተው ነው አሉ። እኔ በዚያች መኪና ዘፈን ተከፍቶ አያውቅም ብዬ ተከራከርኩ። የጸለይንበት ቦታ ነው አልኩ። ጋሼ ሁለታችንንም ሰምተው፣ ለአንድ ቀን ነው፣ የእትዬ ይሁን አሉ። ሰው ከሚታሰር እግዚአብሔር ዘፈኑን ይታገሣል ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ዓርብ ማታ እትዬ ካሴታቸውን ቴፑ ውስጥ ከተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ቅዳሜ ጠዋት፣ ጋሼ ውጭ መኪናዋን በእርጥብ ጨርቅ ሲወለውሉ፣ እትዬ ጓዳ ሳሉ፣ ቀየርኩት። የእትዬን ካሴት ከመሳቢያው ውስጥ፣ ከሻማዎቹ ኋላ ከተትኩ። በቦታው የመዝሙር ካሴት አስገባሁ።

ያለ ሐሳብ አላደረግኩትም፤ እንዲያውም ተጠንቅቄ ነው የመረጥኩት። የመጀመሪያው መዝሙር መግቢያው ረጅም ነው፤ ቃል የሌለው አኮርዲዮን ብቻ። ቃል ከሌለው ማን ያውቀዋል ብዬ አሰብኩ። ያን ዜማ በደቡብ ያደገ ሰው ሁሉ ከእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ሲሰማው የኖረ መሆኑ አልታየኝም። እኔ የመጣሁበት አገር ሌላ ዜማ ነበር የሚታወቀው።

የባትሪ ድንጋይ እንደ ልብ አይገኝም ነበርና ለአንደኛው ሚዜ ቴፑን በእጁ ሰጥቼ፣ መንገድ ላይ እንዳይከፍቱት፣ ከተማ ሲገቡ እንዲከፍቱት ነገርኩት። «ኬላውን ካለፋችሁ በኋላ» ማለት ነበረብኝ። እንዲህ ብል ግን ለሠርግ ዘፈን ኬላ ምን ያስፈራል ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። ስለዚህ «ከተማ ስትገቡ» ብቻ አልኩት። ኬላው ያለው ከከተማው መግቢያ ላይ ነው። እሱ «ከተማ መግባት» ብሎ የተረዳው ከኬላው በፊት ይሁን ወይ በኋላ፣ ይኸው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሙሽሮቹንና ሚዜዎቹን በሁለተኛው ቀን ለቀቋቸው። ሙሽራው ወዲያው ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወረና ሚስቱን ይዞ ሄደ፤ አልተሰናበቱንም። ቴፑን የያዘው ሚዜ በዚያው ዓመት ዘመተ፣ አልተመለሰም። ሁለተኛውን ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ከተማው ውስጥ ሁለት ወሬ ነበር። አንዱ፣ ሙሽራዋ የይለፍ ወረቀት ሳትይዝ ስለተገኘች ሹፌሩን ነው የያዙት የሚል። ሌላው፣ መዝሙር ከፍተው ተያዙ የሚል። ቀበሌ ሄደን ብንጠይቅ ጉዳዩ እየተጣራ ነው አሉን። ለዘጠኝ ወር ተጣራ። በየሳምንቱ ከእትዬ ጋር ስንቅ ይዘን እንሄዳለን፤ ሳህኑን ተቀብለው ባዶውን ይመልሱልናል። መንገድ ላይ እትዬ ያለቅሳሉ፣ እኔ እጸልያለሁ። አንድም ቀን አልነገርኳቸውም።

በዚህ መሐል እትዬ ሻማ ፍለጋ መሳቢያውን ሲከፍቱ ካሴታቸውን አገኙት። ለእኔ ምንም አላሉኝም፤ ጥርጣሬያቸው ወደ እኔ አልመጣም። እኔ ጠንቃቃዋ ነኛ።

ጋሼ በተፈቱ ማግስት ጠዋት ሦስታችንም አንድ ክፍል ውስጥ ነበርን። ከስተዋል፤ የሸሚዛቸው ኮሌታ አንገታቸውን ትቶ ቆሟል። አንድ ነገር ተናግረው ሳይጨርሱ ሳል ያቋርጣቸዋል። እትዬ ካሴቱን ይዘው መጡና ፊታቸው አስቀመጡት።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ምን ይሠራል እዚህ? ዘፈን ይሁን ብለህ አልነበረም?»

ጋሼ ካሴቱን አዩት። ቀጥሎ እኔን አዩኝ። ከዚያ ወደ እትዬ ዞረው፣ «እኔ ነኝ የቀየርኩት» አሉ። «አላስችል አለኝ።»

እትዬ «እልኸኛ!» ብለው ክፍሉን ጥለው ወጡ። እኔ ቆሜ ነበር። አፌን ከፍቼ «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ…» ስል፣ እጃቸውን አነሡብኝ፤ ለቁጣ አይደለም፣ በቃ እንደማለት። «ሥራ ይረፍድብሻል ልጄ» አሉኝ። ሄድኩ። እውነትም ረፍዶብኝ ነበር።

መናገር አስቤ ያልተናገርኩባቸውን ቀኖች አልቆጥርም። አንዴ ብቻቸውን አገኘኋቸውና፣ ኬላው ላይ ሲያስቆሟችሁ ምን ይሰማ ነበር ብዬ ጠየቅኳቸው። ሲፈቱ የሆነውን ለማንም እንዳይናገሩ አስፈርመዋቸዋል፤ ይህን የነገሩኝም ያኔ ነው። ከዚያ ግን፣ የሞተሩን ድምፅ ብቻ ነው የማስታውሰው አሉ። እውነታቸውን ይሁን ወይ እኔን ሊያድኑኝ፣ መለየት አልቻልኩም። ከእስር በኋላ መሪ አልጨበጡም። በሦስተኛው ዓመት ያ ሳል አሸነፋቸው፣ ዐረፉ። እትዬ ብዙ ዓመት ቆይተው ተከተሏቸው፤ ለቀስተኛ ሲመጣም፣ ጎረቤት ሲጠይቅም፣ «በገዛ እልኹ ሄደብኝ» ነበር የሚሉት። አጠገባቸው ተቀምጬ ሻይ እቀዳ ነበር።

ዛሬም እዚሁ ሐዋሳ ነኝ፤ ወደ ወለጋ ለመመለስ ዕድሜው አለፈ፣ የሚያውቀኝም አልቀረ። ጸሎት ቤቱ ከተከፈተ ስንት ዘመኑ ነው፤ እኔም ከሽማግሌ ሴቶች ጋር የፊት ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው። ኃጢአቴን ለእግዚአብሔር ተናግሬአለሁ፤ ይቅር እንዳለኝም አምናለሁ። ምኑን ይቅር እንዳለኝ ግን አላውቅም። ጋሼ የተያዙት በወረቀቱ ከሆነ፣ የእኔ ጥፋት ደብቄ መቀየሬና ዝም ማለቴ ነው። በካሴቱ ከሆነ ግን ዘጠኙ ወር የእኔ ነው፣ ሳሉም የእኔ ነው፣ እትዬ በባላቸው ላይ ይዘውት የሞቱት ቂምም የእኔ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። በእርጅናዬ የትኛውን እንደተሸከምኩ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ ያን ቀን ኬላው ላይ የነበራችሁ፦ አንቺ ሙሽራዋ፣ በሕይወት ካለሽ፤ አንተም ሙሽራው፤ አንተም ሁለተኛው ሚዜ፤ ወረቀት ስትመለከቱ የነበራችሁ የኬላው ጠባቂዎችም። ማንንም ልወቅስ አይደለም የምጠይቀው፤ የምወቀስ እኔ ነኝ። ጋሼ መኪናዋን ሲያቆሙ ቴፑ ተከፍቶ ነበር ወይስ አልተከፈተም? የምታውቁ ንገሩኝ። ሊያጽናናኝ ብሎ ያልነበረውን ነበር፣ የነበረውን አልነበረም የሚለኝ ሰው ግን ይተወኝ፤ ጋሼ ያን አድርገውልኛል።