የአሳማ ጉበትና የዓለም ገናው ውሻ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ኦቦ ቶሎሳ መጀመሪያ የሰጡኝ ቢላ አይደለም፤ ሳሙና ነው። ሰበታ ዳር ባለው የአሳማ ማረጃ የእርድ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። «አካም ቡልቴ» ብለው ሰላም አሉኝና፣ «ስትገባ ትታጠባለህ፣ ስትወጣም ትታጠባለህ። ቤትህ ስትደርስ ደግሞ ሚስትህ እንደገና ታጥብሃለች» አሉኝ። የመጨረሻው ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቀልድ አልነበረም።

ከዚያ በፊት በሬ ቆራጭ ነበርኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ሽንጥ ከዳቢት እለይ ነበር፤ ዓይናቸውን ገልጠው የሚለዩም ነበሩ፣ እነሱ ግን ጎበዞች አልነበሩም። የምሠራበት ልኳንዳ ሲዘጋ ማረጃው ቆራጭ ይፈልጋል ተባለና ሄድኩ። በቆራጭነት ቀጥረው የሆድ ዕቃ ማጠቢያ ገንዳ ላይ አቆሙኝ። የማረጃው ማዕረግ ከታች ወደ ላይ አጣቢ፣ ቆራጭ፣ አራጅ፣ ኃላፊ ነው። ከአጣቢ በታች ያለው አሳማው ብቻ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አሳማው በኤሌክትሪክ ይደነዝዛል፣ ይታረዳል፣ ትኩስ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ ጠጉሩ ይፋቃል፣ ተሰቅሎ ሆዱ ይከፈታል። ጉበቱ፣ ልቡ፣ ኩላሊቱ፣ ጨጓራውና አንጀቱ ወደ እኔ ገንዳ ይመጣሉ። የእንስሳት ሐኪሙ ጉበቱን አገላብጦ ያያል። ነጭ ነጠብጣብ ካለበት ትል አልፎበታል ማለት ነውና ይቀበራል። ንጹሑ ታጥቦ ይቀዘቅዛል፣ ይጫናል።

በግቢው ውስጥ «አሳማ» ብሎ የሚጠራ ሰው አልነበረም። ስሙ «ሰውዬው» ነበር። አንድ ጠዋት ኦቦ ቶሎሳ ታክሲ ውስጥ ሆነው በስልክ፣ «ሰውዬውን በደንብ ፋቁት፣ ጉበቱን ለሱሉልታ ለዩልኝ» ሲሉ፣ አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት መውረጃዋ ሳይደርስ ወርዳ ሮጠች ይባላል። የሚለው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ አቶ ደረጀ ከከተማ የሥነ ምግብ ባለሙያ አመጣልን። የሆድ ዕቃውን ጥቅም ለደንበኛ ማስረዳት አለባችሁ ተባልን። ከመካከላችን አንድም የቀመሰ የለም። ልጅቷ ግን ጎበዝ ነበረች።

«የአሳማ ጉበት በብረት የበሬውን ጉበት ያስከነዳል» አለች። «ደም ላነሰው ሰው ይጠቅማል። ቫይታሚን ኤ ሞልቶታል፤ ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴት ብዙ እንዳትበላ ንገሯት፣ ሲበዛ ፅንሱን ይጎዳል። ልቡ ፕሮቲን ነው፣ ስብ ብዙም የለው። ኮሌስትሮል ግን አለው፤ ሪህ ያለበትም ይጠንቀቅ። ሁሉም በደንብ ሳይበስል አይበላም።»

ኦቦ ቶሎሳ እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ አንቺ በልተሽው ታውቂያለሽ?»

«እኔ እንኳ ጾም ላይ ነኝ» አለች።

«ዛሬ ማክሰኞ ነው» አሉ ኦቦ ቶሎሳ።

ጥሬ የበሬ ጉበት በሚጥሚጣ እየዋጥን ያደግን ሰዎች፣ ስለ በሰለ የአሳማ ጉበት ስንሰማ አፋችንን በጋቢ ሸፍነን ነበር። ቢሆንም ትምህርቱን እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ አጠናነው። ዛሬም ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ «ብረት፣ ቫይታሚን ኤ፣ ፕሮቲን» እላለሁ። ሚስቴ ምስክር ናት።

ትልቁ ደንበኛችን ሱሉልታ ያለ የውጭ ዜጎች ካምፕ ነበር። የካምፑ ምግብ አብሳይ ወይዘሮ ዘነበች ዕቃውን ስትረከብ ሁሌ መነጽሯን አጥልቃ ታየዋለች እንጂ እንደ እኛው አትቀምሰውም።

«ሳትቀምሺ ጨው እንዴት ትለኪያለሽ?» አልኳት አንድ ጊዜ።

«ፊታቸውን አያለሁ። ከጨማደዱት በዝቷል፣ ከፈዘዙ አንሷል።»

«መልካቸው የተለያየ አይደል? በየትኛው ትለኪያለሽ?»

«በአለቃው። አንተስ ሳትቀምስ ጣፋጭ ነው እያልክ የምትሸጥልኝ በማን ፊት ለክተህ ነው?»

የተረከበችውን ጫንኩላት።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው ከዚህ ነው። የካምፑ ሰዎች ለራሳቸው ዓመት በዓል አገራቸው ገቡና ጉበት ተረፈ፤ ከተመለሱም በኋላ መትረፉ አልቀረም። አቶ ደረጀ ንጹሕ ጉበት ሲቀበር ማየት አላስቻለውም። «ቀቅሎ መውሰድ የሚፈልግ ለውሻው ይውሰድ። ጥሬው ግን ከበር አይወጣም» አለ። እኔ ውሻ የለኝም። አከራዬ እትዬ አስካለ ግን ነበራቸው።

የምኖረው ዓለም ገና፣ እሳቸው ግቢ ነው። ሁለት ልጆቼ የሚማሩት ከአጥሩ ማዶ ነው፤ ደወል ሲደወል ከአልጋ ተነስተው ይደርሳሉ። እንዲህ ያለ ቤት በዓለም ገና ሁለተኛ አይገኝም። እትዬ አስካለ ሲያከራዩኝ ሥራዬን ጠይቀው «ሥጋ ቆራጭ» ስላቸው ደስ አላቸው። የምን ሥጋ አላሉኝም። የእሳቸው ሕግ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ጾም የሚሽር፣ ርኩስ ነገር በበራቸው የሚያስገባ ተከራይ በማግሥቱ ዕቃውን ያወጣል። ከእኔ በፊት የነበረውን በሁዳዴ እንቁላል ሲጠብስ ሽታውን ተከትለው ይዘው አባረውታል።

ውሻቸው መከታ ይባላል። ስሙ ብቻ ነበር የሚጠብቀው። ጠጉሩ አልቆ፣ ጎድኑ ወጥቶ፣ ሲጮህ አጥር ተደግፎ ነበር። እትዬ አስካለ የሚያደልቧቸውን በጎች ከወጨጫ ተራራ የሚወርድ ጅብ ሲያነሳባቸው፣ መከታ ከበጎቹ ኋላ ይቆማል።

የተቀቀለ ጉበት ማብላት ጀመርኩ። ወር ሳይሞላ ጠጉሩ እንደ ቅባት አብለጨለጨ። ደረቱ ሰፋ። ጅቡ መጣና አይቶት ሌላ ቤት የመጣ መስሎት ይቅርታ ጠይቆ ተመለሰ። እትዬ አስካለ በኩራት ሰንሰለት ገዙለት፤ «አንተ ልጅ፣ ይህ ጉበትህ ምን አለበት?» ሲሉኝ «ብረት» አልኳቸው።

ሁዳዴ ገባ። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። እኔ ለራሴ ጾምኩ፤ ውሻው ግን አይጾምም ብዬ ጉበቱን ማምጣት ቀጠልኩ። ጎረቤታችን አቶ ምናሴ፣ ጡረታ የወጣ፣ የሰውን ፌስታል በማየት የሚውል ሰው፣ አንድ እሑድ እትዬ አስካለ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በር ላይ ጠበቃቸው።

«እትዬ፣ ልኳንዳ ሁሉ ተዘግቷል። ይህ ሰውዬ ትኩስ ጉበት ከየት ያመጣል?»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ሚስቴ ቤት ውስጥ ድስት ማንቀሳቀስ አቆመች። ልጆቹን፣ ደወሉን፣ ቤቱን አሰብኩ።

«የምን ጉበት ነው?» አሉ እትዬ አስካለ።

«የአሳማ ነው፣ እትዬ።»

ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። መከታ ጅራቱን እየቆላ ወደ ፌስታሉ መጣ። «እስከ ፋሲካ ቤቴን ልቀቅ» አሉ። ከዚያ ውሻውን አዩት። «ውሻው ይቆያል።»

«ከመጀመሪያውም የእርስዎ ነው፣ እትዬ» አልኳቸው።

ጉበት ማምጣት አቆምኩ። ሚስቴ ሰበታን አዳረሰች፣ እኔ ቡራዩ ድረስ ሄድኩ፣ ለትምህርት ቤቱ የሚቀርብ ቤት ጠፋ። እትዬ አስካለ ለመከታ የሽሮ ፍትፍት አቀረቡለት። አሸተተው፤ ከዚያ ልክ እኔ አሳማ ሲቀርብልኝ እንደማየው አየው። ወዲያው እንደገና ከሳ። ጅቡ አንድ በግ ወሰደ። መከታ አጥሩን ተደግፎ ሸኘው።

በማግሥቱ እትዬ አስካለ በሬን አንኳኩ። «ያ… መድኃኒቱ አለ?»

«የትኛው መድኃኒት?»

«አትቀልድብኝ። የውሻው። ከአጥር ውጪ አብላው፣ እጅህን ታጥበህ ግባ። በጉበቱ ምክንያት ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ፣ እንዳባረርኩህ ነው። በበዓል ሰው ሜዳ ላይ አይጣልም ብዬ እንጂ፤ እስከ ጰራቅሊጦስ ቆይ።»

ጰራቅሊጦስ ሲደርስ እስከ ፍልሰታ አሉኝ። ከፍልሰታ ወደ እንቁጣጣሽ፣ ከእንቁጣጣሽ ወደ መስቀል ተሻገርን። በዓል የማያልቅበት አገር መኖር ጥሩ ነው።

አቶ ምናሴም አንድ ቀን ጥቁር ፌስታል ይዞ ተጠጋኝ። ቡራዩ እህቱ ቤት ደም ያነሰው ውሻ አለ አለኝ። እሱ ራሱ ሐኪም ብረት እንዳዘዘለት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሰጠሁት። ጥቂት ራቅ ካለ በኋላ ተመለሰና፣ «ውሻው… በሽንኩርት ቢጠበስለት ብረቱ ይጠፋል?» አለኝ። አይጠፋም፣ ኮሌስትሮሉን ግን ይጠንቀቅ አልኩት። አሁን ጉንጩ ቀልቷል። እሑድ እሑድ አሁንም የሰው ፌስታል ያያል።

ማረጃው ውስጥ ዛሬ አራጅ ነኝ፤ የአሳማ ጉበት ግን አሁንም አልቀመስኩም። ልጆቼ ከአጥሩ ማዶ እየተማሩ ነው፤ እኔም እስካሁን የተባረርኩ ተከራይ ነኝ። አዲስ ለሚገቡ ልጆች የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ቤት ስትከራይ የምታርደው ምን እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ንገር። አከራይህ የምታባርርህ ከሆነ ልጆችህን ትምህርት ቤት ከማስገባትህ በፊት ታባርርሃለች።