ሁለት በሩና የጃፓኗ መኪና

በጋራዡ ውስጥ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሌላው ሁሉ «ሁለት በሩ» ነው የሚለው። ሥራው የተጋጩ መኪኖችን ላሜራ እየቀጠቀጠ ማቃናት ነው። ቅጽል ስሙ የወጣለት ደግሞ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ በአንዲት ባለሁለት በር የጃፓን ስፖርት መኪና ፍቅር ስለተያዘ ነው። ዝቅ ያለች፣ አፍንጫዋ የሾለ፣ የፊት መብራቶቿ እንደ ዓይን ቆብ የሚከደኑና የሚገለጡ መኪና ናት። ከቀን መቁጠሪያ ላይ የቀደደው ሥዕሏ ከአልጋው ራስጌ ተለጥፏል።

«ሁለት በር!» ትላለች ሚስቱ ሥዕሉን በጨርቅ ስትወለውል። «እኛ ስድስት ነፍስ ነን። እናትህን የት ልትጭናቸው ነው፣ ኮፈኑ ላይ?»

«እማዬማ ከጎኔ፣ ከፊት ናት።»

«እኔስ?»

«አንቺ በታክሲ ትከተይናለሽ።»

ይሳሳቃሉ። እንደማይገዛት ሁለቱም ያውቃሉ። እሱም ቢሆን መግዛቱን አልነበረም የሚመኘው፤ አንድ ቀን እጁ ገብታለት ቢያቃናት ይበቃው ነበር።

የተመኛት መጣች። አመጣጧ ግን ሌላ ሆነ።

አንድ ጠዋት የጭነት መኪና ጋራዡ በር ላይ አወረዳት። ጥቁር ሰማያዊ ናት። በሾፌሩ በኩል ያለው ጎኗ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ አንዱ መብራቷ ተከድኖ ሌላው እንደተገለጠ ቀርቷል። ሁለት በሩ ጓንቱን አወለቀ። ልማዱ ነው፤ መዶሻ ከማንሣቱ በፊት ዓይኑን ጨፍኖ በመዳፉ ይዳብሳል። ዓይን የሳተውን ጉድጓድ መዳፍ አይስተውም። ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ዳበሳት። ቆዳዋ እንጂ አጥንቷ አልተነካም።

«ትድናለች» አለ ለራሱ። ፊቱ እንደ ሙሽራ ፈካ።

ወዲያው የጋራዡ ባለቤት፣ እነሱ «አለቃ» የሚሉት፣ አንድ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ አስከትሎ መጣ።

«መኪናዋ የጋሼ ናት» አለው። «ተቆራርጣ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ትሂድ ብለዋል። እዚሁ ቆመው ሊያዩም ይፈልጋሉ።»

ሁለት በሩ የሰማውን ማመን አቃተው። «ጋሼ፣ ይቺ መኪና እኮ አልሞተችም! ለእኔ ይተዉልኝ፣ አቃናታለሁ። ምንም እንዳልነካት አድርጌ አቃናልዎታለሁ።»

«ልጄ ለምኖኝ ነው የገዛሁለት» አሉ ሽማግሌው። «አሁን ከወገቡ በታች አይሰማውም። እሱንም ታቃናልኛለህ?»

ሁለት በሩ እጁን ከመኪናዋ ላይ አነሣ። ሰውየው እውነታቸውን ነው።

አለቃ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። «አንተ እንቢ ካልክ እነዚያ በያጆቹ እንደ ማገዶ ነው የሚፈልጧት። የራስህ ጉዳይ።»

ሁለት በሩ ጠመኔ አነሣ። የሚቆረጥበትን ማስመር ጀመረ፤ ግን ፋብሪካው በገጣጠማት ቦታ፣ ብየዳው እንደ ነጥብ በተደረደረበት ላይ ብቻ። በዚያ የተለያየ መኪና ተመልሶ ይገጠማል። ቁርጥራጯን ከብረት ነጋዴው ግቢ አንድ በአንድ ቢለቅማትስ?

ሽማግሌው መኪናዋን ዞሯት። ጎንበስ ብለው መስመሩን በጣታቸው ተከተሉት።

«የእኔ ልጅ፣ ሥራዬ ምን እንደነበር ታውቃለህ?»

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

«ዕድሜ ልኬን ልብስ ሰፊ ነበርኩ። በስፌቱ የተተረተረ ልብስ ተመልሶ ይሰፋል።»

ጠመኔውን ከእጁ ተቀበሉት። ጨርቅ ላይ እንደሚያሰምር ሰው ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ከጣሪያዋ መሐል እስከ ታች ቀጥ ያለ መስመር አወረዱ።

«በጨርቁ ላይ ቁረጥልኝ። የሌላ ሰው ልጅ እንዳይነዳት።»

ቁጣ የለባቸውም። ቢቆጡ ይሻለው ነበር፤ ለቁጣ መልስ አይጠፋም።

ሁለት በሩ የብረት መቁረጫውን ሶኬት ላይ ሰካው። ከዚያ መልሶ አስቀመጠውና ኮፈኗን ከፈተ።

«ደግሞ ምን ቀረህ?» አለ አለቃ።

ሁለት በሩ ወደ ውስጥ ጎንበስ አለ። ከመብራቷ ሥር ባትሪ በሞተ ጊዜ በእጅ የምትዞር ትንሽ እጀታ እንዳለች ያውቃል፤ ነክቷት ግን አያውቅም። ቀስ እያለ አዞራት። የተገለጠው መብራት ዝቅ፣ ዝቅ ብሎ ተከደነ። ሽማግሌው ሲያዩት ቆዩና ኮፍያቸውን አወለቁ።

መቁረጫው ጮኸ። የብረት ፍንጣሪ የወንበሮቿን ቆዳ እየጠበሰ፣ መስመሩን ሳይስት ቆረጠ። እጁ ማበላሸት ቢችል ኖሮ ያን ቀን ያበላሽ ነበር። አልቻለም።

ሲያበቃ ሽማግሌው ቀረብ ብለው፣ በቀድሞ ልማዳቸው ይሆናል፣ አዲሱን ጠርዝ በመዳፋቸው ዳበሱት።

«ቆራጭ ነህ» አሉት። «ዝንፍ አላለም።»

«ተዉ ጋሼ፣ ስለት ነው፤ እጅዎን ይቆርጥዎታል።»

ሽማግሌው እጃቸውን አላነሡም።