ሲስተር ሂልዳ የመረጠችው ምሳሌ

የእህቴ የአስቴር የልጅ ልጅ፣ ጀርመን አገር ሄጄ አረጋውያን እንከባከባለሁ ብላ ስልኳን ታቅፋ ስታጠና፣ ስልኩ «ቬን ኢሽ ራይሽ ቬረ» አለ፤ ሀብታም ብሆን ኖሮ ማለት ነው፤ ሀብታም ብሆን ኖሮ መርከብ እገዛ ነበር። ልጅቷ ሳቀች። እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ ደሜ ፈላ። ለካ እንዲህ ያለ ምሳሌም ነበር!

በጃንሆይ ጊዜ፣ ዲላ በነበረው የሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ ሲስተር ሂልዳ የምትባል ጀርመናዊት ነርስ ለጥቂት ሴት ልጆች ቋንቋዋን ታስተምረን ነበር፤ ክፍሉ ቆርቆሮ በመሆኑ ዝናብ ሲጥል እየጮኽን እንማራለን፣ በቡና ለቀማ ወራት ደግሞ ጣታችን ጠቁሮና ተጣብቆ ስለምንመጣ ደብተር ሳንነካ በሳሙና ታሳጥበናለች። ከመካከላችን አንዷ ነርስነት ልትማር ጀርመን ትላካለች ተብሎ ነበር። አስቴር እንደምትሆን ማንም አልተጠራጠረም፤ እሷ ከጓሮ ዶሮዎቻችን ጋር ሳይቀር በጀርመንኛ ነበር የምትጣላው።

የፈተናው ዕለት አባታችን ከመንደራችን ከጪጩ በእግሩ መጥቶ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ሲስተር ሂልዳ በመስኮት እያየችው አስቴርን፣ አባትሽ ቢሞት ኖሮ ምን ታደርጊ ነበር፣ በጀርመንኛ በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሺ፣ አለቻት። በኛ ቤት በሕይወት ባለ ሰው ላይ ሞት መጥራት ሟርት ነው፤ እናታችን «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እያለች ነው ያሳደገችን።

«ሲስተር፣ ሌላ ይስጡኝ» አለች አስቴር።

«ግምት ብቻ ነው።»

«አባቴ እኮ ደጅ ቆሟል።»

ሲስተሯ እስክሪብቶዋን ከደነችና፣ ይህች ልጅ ያልሆነ ነገር ማሰብ አትችልም ብላ ፈረደች። አይታው የማታውቀውን የጀርመን በረዶ፣ ለብሳው የማታውቀውን ነጭ ጋዋን ስታስብ የምትውለዋን ልጅ! የሄደችው ሌላ ልጅ ናት፤ አባቷ ከሞተ ቆይቷልና ጥያቄው አላስፈራትም፤ እሷን አልወቅስም።

ዛሬም አንጀቴን የሚያሳርረው ግን ወደ ቤት ስንመለስ የሆነው ነው። አባታችን ምን ነካሽ ብሎ ሲጠይቃት፣ እውነቱን መንገር ያንኑ ቃል ፊቱ ላይ መጥራት ሆነባትና «አላወቅኩትም፣ አባ» አለችው። ከዚያ ወዲያ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ትምህርት አልገባት አለ እንጂ ይህችን ልጅ ጀርመን ልልካት ነበር ሲል ኖረ፤ እሷም እንግዳውን እጅ እያስታጠበች ትሰማለች። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት በዓይኗ ትቆጣኛለች።

አባታችንን እርጅና ወሰደው። በቀብሩ ማግስት፣ ለቀስተኛው ገለል ሲል፣ አስቴር ክንዴን ይዛ እንሰቱ መሀል አስገባችኝና ያንን በፈተናው ያልመለሰችውን ዓረፍተ ነገር በጀርመንኛ ከጫፍ እስከ ጫፍ አለችው፤ አባቴ ቢሞት ኖሮ ዓይኑን የምከድንለት እኔ ነበርኩ። የከደነችለትም እሷው ነበረች።

«ልክ ነው?» አለችኝ።

ልክ ነበር። ሲስተር ሂልዳ አገሯ ከገባች ዘመን አልፏል፤ አባታችን ደግሞ ልጁ ትምህርት የማይገባት መሆኗን አምኖ ተቀብሯል።