የነፋስ ወፍጮ ለማየት ስንሰናዳ

ከዚህ በፊት ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እጄ በአማርኛ የጻፈው ስሜንና በስልክ የሚላክ አጭር መልእክት ብቻ ነው። ስለዚህ ነገሬ ቢንዛዛ፣ ወይም መቅደም ያለበት ወደ ኋላ ቢቀር፣ አንባቢ ይታገሰኝ።

እንድጽፍ ያደረገችኝ ቤቲ ናት። ቤቲ በአባቴ በኩል እህቴ ስትሆን እዚሁ ኮሎምበስ ተወልዳ ነው ያደገችው። በቅርቡ መንጃ ፈቃድ ስላወጣች ሰበብ እየፈለገች ዋይትሆል ያለው ቤቴ ትመጣለች። ባለፈው ቅዳሜ መጥታ ምስር ወጥ እየበላች፣ በአንድ እጇ ስልኳን እየነካካች፣ ከጓደኞቿ ጋር ሚሺጋን ሄደው የሆላንዶችን የነፋስ ወፍጮ ሊያዩ እንደሆነ ነገረችኝ። መቼ ብላት ነገ አለችኝ። ምግቡን ማን ያዘጋጃል፣ ማን የት ይቀመጣል፣ በየት በኩል ትሄዳላችሁ እያልኩ ጥያቄ አበዛሁባት።

“አይ ጀስት ዲድ ኢት”፣ አሁን ጨረስኩት እኮ፣ አለችና ስልኳን አዙራ አሳየችኝ። ቲኬቱ ተቆርጧል፣ መንገዱ ተመርጧል። ሳህኗን እንኳ አልጨረሰችም።

እሷ ከሄደች በኋላ ሥራ አልያዝልኝ አለ። የታጠበ ሳህን መልሼ አጠብኩ፤ በረንዳ ወጣሁ፣ ገባሁ። እሷ ምሳ እየበላች የጨረሰችው ጉዞ ለእኛ አንድ ሙሉ ጸደይ ፈጅቶብን ነበር።

አባቴ ዲቪ ደርሷቸው ወደ አሜሪካ ሲመጡ እኔ የወተት ጥርሴ ገና አልረገፈም ነበር። እናቴ ቀደም ብላ ስላረፈች ሆለታ አጠገብ አክስቴ አሳደገችኝ። አባቴ ገንዘብ ይልካሉ፣ በበዓል ይደውላሉ፤ እኔም ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ “ደህና ነኝ” እላለሁ። የአክስቴ ልጆች “ጋሼ” ስለሚሏቸው እኔም ጋሼ ነበር የምላቸው። የመምጫ ወረቀቴ አልቆ ኮሎምበስ ስደርስ ኤርፖርት የተቀበሉኝን ሰው ያወቅኳቸው በድምፃቸው ነው።

ቤታቸው ዋይትሆል የሚገኝ አፓርታማ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ሰብለ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። ቤቲ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ ወንድሟ ናቲ ገና ይድሃል። ሁሉም ደግ ነበሩ። እኔ ግን የምቀመጠው የሶፋው ጫፍ ላይ ነው፤ ሳልጠይቅ ፍሪጅ አልከፍትም።

በዚያ ዓመት ጋሼ ከከተማው ወጣ ብሎ ፒከሪንግተን በሚባል ቦታ ቤት ገዙ። ክሎዝ የሚያደርጉት፣ ማለትም ፈርመው ቁልፉን የሚረከቡት፣ በግንቦት መጨረሻ ነው። ቤት ለመጣ ሰው ሁሉ የሚያወሩት ስለ ሳሎኑ ወይም ስለ ግቢው ሳይሆን ስለ ቤዝመንቱ፣ ስለ ምድር ቤቱ ነበር። “ቤዝመንቱ የሙሉ ነው፤ የራሷ ሻወር አለው” ይላሉ፤ ሙሉ የምባለው እኔ ነኝ። ቀለሙን እንድመርጥ የቀለም ናሙና ያመጡልኛል፤ እኔም “ደስ ያለዎትን” እላለሁ።

እኔ ግን ፒከሪንግተን መሄድ አልፈልግም ነበር። ከዋይትሆል በአውቶቡስ እየተመላለስኩ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ እሠራለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ለአዋቂዎች በነፃ የሚሰጥ ትምህርት ልጀምር ተመዝግቤያለሁ። ፒከሪንግተን መኪና የሌለው ሰው የሚያደርሰውን ሲጠብቅ ነው የሚውለው። ልጆቹን እየጠበቅኩ እንደምቀርም ይታየኝ ነበር፤ ማንም እንደዚያ ብሎ አይደለም፣ ማንም ሳይል የሚሆን ነገር ስላለ ነው። ዌርሃውስ አብራኝ የምትሠራው ሄለን ደግሞ “ክፍል አለኝ፣ ነይ እንጋራ” ብላኝ ነበር።

የቀረው ለጋሼ መንገር ነው። “ጋሼ፣ እኔ ፒከሪንግተን አልሄድም።” ካርቶን እየዘጋሁ፣ ቴፕ እየለጠፍኩ፣ ይቺን ቃል ቀኑን ሙሉ በልቤ እላታለሁ፤ ቤት ስገባ ትጠፋለች። ሌላ ቦታ ያደግኩ ልጅ ነኝ። አሁን አብረን እንኑር ሲሉኝ እምቢ ብል የቆየ ቂም የምወጣ ይመስላቸው ይሆን ብዬ እፈራለሁ። ቂም አልነበረኝም። ይህንን ግን ሳይጠየቁ እንዴት ይናገሩታል?

ጋሼ አንዳንድ ቀን ጠዋት ሥራ ያደርሱኝ ነበር። መኪና ውስጥ መናገር እንደሚቀል ያወቅኩት ያኔ ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ መንገድ መንገዱን ሲያይ ዓይን ለዓይን አይጋጠምም። ለእንደኔ ዓይነቷ ዓይነ አፋር ያ ትልቅ ነገር ነው። ብቻ አፌን ልከፍት ስል ዌርሃውሱ ይደርሳል። ረጅም መንገድ አስፈለገኝ።

እሱንም ያገኘሁት በድሮ ሥራዬ ሰበብ ነው። ትምህርት ካቆምኩ በኋላ ሆለታ የአበባ እርሻ ገብቼ ጽጌረዳ እቆርጥ ነበር። እሾሁ ጓንት አልፎ ይወጋል፤ ማሸጊያው ክፍል ደግሞ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በዚያ ክፍል ግድግዳ ላይ ዓመቱ ያለፈበት ካላንደር ተሰቅሏል፤ ስዕሉ በቀይና በቢጫ አበባ መሃል አራት ክንፍ ያለው ግንብ ነው። ምንነቱን ብጠይቅ አለቃችን “የአሠሪዎቻችን አገር ወፍጮ ነው፤ በነፋስ ነው የሚፈጨው” አለችኝ። እቅፍ እቅፉን ሳስር እየዋልኩ ዓይኔ እሱ ላይ ነበር። ነፋስ በኛ አገር ገብስን ከገለባው ለመለየት ብቻ የሚያገለግል ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሄለን ስልኳን ስታገላብጥ ያ ወፍጮ ብቅ አለ። ከሆላንድ አገር ተፈታትቶ፣ በመርከብ መጥቶ፣ ሚሺጋን ውስጥ እንደገና የተተከለ የጥንት ወፍጮ ነው። በአበባው ወቅት ሰው ይጎርፋል፤ ከኮሎምበስ የአምስት ሰዓት መንገድ ነው፤ ሲነጋ ተነስቶ ማታ መመለስ ይቻላል አለችኝ። እኔ የሰማሁት አምስት ሰዓት የሚለውን ነው።

እሁድ ከምሳ በኋላ ለጋሼ ነገርኳቸው። ከመጣሁ ጀምሮ የጠየቅኳቸው የመጀመሪያ ነገር ነበር። የቲቪውን ሪሞት አስቀምጠው አዩኝ፤ ከዚያ ወደ ኩሽናው ዞረው፣ “ሰብለ፣ ሙሉ ወፍጮ ማየት አማራት!” አሉ። ደስታቸው ወፍጮ የገዛሁላቸው ይመስል ነበር።

በኔ ሐሳብ የምንሄደው ሦስት ነን፤ ጋሼ፣ እኔ፣ ከኋላ ደግሞ ቤቲ፣ እሷም ትተኛለች። እትዬ ሰብለ ቅዳሜ ሥራ ናት፤ ናቲን የሚይዙላት ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ናቸው። ግን እትዬ ሰብለ፣ ሙሉ በስንት ጊዜዋ አንድ ነገር ጠይቃ እኔ ልቀር ነው ወይ ብላ የሥራ ሺፍቷን ቀየረች። እሷ ከሄደች ናቲም ይሄዳል። ናቲ ከሄደ እትዬ ዘነበች ይሄዳሉ።

እትዬ ዘነበች መጀመሪያ የጠየቁት እዚያ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ነው። እኔ እንጃ አልኳቸው።

“ታዲያ ይሄ ሁሉ መንገድ ተነድቶ ወፍጮ? የወፍጮ ቤት ጎረቤት ሆኜ ነው ያደግኩት እናቴ፤ ጆሮዬ እስካሁን አላረፈም።”

ቢሆንም ለልጁ ስል እመጣለሁ አሉ። እሳቸው ደግሞ ለጋሽ ተፈራ ነገሯቸው። ጋሽ ተፈራ ብዙ ዘመን የኤርፖርት ታክሲ የነዱ ሽማግሌ ናቸው፤ መንገድ የሚያውቅ ሰው ሳይኖር ሕፃን ይዛችሁ አትወጡም ብለው ራሳቸውን ጋበዙ። ለማንም አይሆንም ማለት አልቻልኩም። በእኛ ዘንድ ባዶ ወንበር ይዞ መንገድ መውጣት ነውር ነው።

ከዚያማ ማታ ማታ ሳሎኑ የስብሰባ አዳራሽ ሆነ። ጋሼ በፎርት ዌይን ይሻላል ይላሉ፤ ጋሽ ተፈራ በቶሊዶ። ስልኩ በፎርት ዌይን ነው የሚለው ሲባሉ፣ “ጂፒኤስ መንገድ እንጂ አገር አያውቅም” ብለው መለሱ። ፋሲካ ስላለፈ ጾም የለም፤ ያም ነገሩን አባሰው። ቋንጣ ፍርፍር ይያዝ፣ አይ ይደርቃል፣ ዶሮ ይሁን፣ ዶሮ መኪና ውስጥ ይሸታል፣ እንቁላልስ፣ ድፎ ዳቦማ የግድ ነው። እኔ በየመሃሉ እነሳለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ፣ ሳልጠጣው አስቀምጬ እመለሳለሁ። የኔ ጉዞ ዓይኔ እያየ የሌላ ሰው ሆነ። እትዬ ሰብለ ይህቺ ልጅ ምን ነክቷት ነው የምትቁነጠነጠው ብላ ስትጠይቅ ጋሼ “ናፍቋት ነው” አሉ።

ሐሙስ ዕለት ወንበር ተደለደለ። ጋሽ ተፈራ ፊት ይቀመጣሉ። ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል? ታላቅ ሰው እያለ እኔ ፊት ልቀመጥ? ስንት ነገር ሳሰላ ይህንን እንዴት እንዳላሰብኩት እስካሁን ይገርመኛል። የኔ ቦታ የጋሼ ቫን መጨረሻ ወንበር ሆነ፣ በናቲ ወንበርና በምግቡ ሳጥን መሃል። በዚያ ሁሉ መንገድ ከጋሼ የሚታየኝ ማጅራታቸው ብቻ ነው።

አርብ ከሰዓት ጋሼ ጎማውን ነፋስ ሊሞሉ ሲወጡ፣ “ነይ፣ አየር ትቀበያለሽ” አሉኝ። ነዳጅ ማደያው ሩቅ አይደለም። ጋሼ የፊተኛው ጎማ ሥር ተንበርክከው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ ቱቦውን ሰኩ። ከማሽኑ ጩኸት በላይ፣ ከድንጋጤዬ ብዛት ጮክ ብዬ፣

“ጋሼ፣ እኔ ፒከሪንግተን አልሄድም” አልኳቸው።

አልዞሩም። ነፋሱን ሞልተው ጨርሰው ቱቦውን ነቀሉ።

“ከማን ጋር ልትሆኚ?”

“ከሄለን ጋር። ዌርሃውስ አብረን ነን።”

“ያቺን ክዳን አቀብይኝ” አሉ። አቀበልኳቸው። ወደሚቀጥለው ጎማ ሄዱ። በቃ። ስንመለስ ሬዲዮ ከፈቱ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ወጣን። በፎርት ዌይን ነው የሄድነው፤ ጋሽ ተፈራ እስከ ኢንዲያና ድረስ አኩርፈው ነበር። ሜዳው ገና አልታረሰም፤ ሰማዩ ዝቅ ብሎ ነበር። መንገደኛ ማረፊያ ላይ ወርደን ምግቡን ዘረጋን፤ ድፎው ሲቆረስ ሽታው በዙሪያችን የነበረውን ሰው ሁሉ ወደኛ አዞረ። እትዬ ዘነበች አጎረሱኝ። ጋሼ ከሁሉም ጋር ይስቃሉ። ተቀይመውኝ ይሁን፣ አዝነው ይሁን፣ ወይ የሰሙትን ረስተውት ይሁን ማወቅ አልቻልኩም። በመኪናው መስታወት አንዴ አዩኝ፤ እኔ ቀድሜ ዓይኔን ሰበርኩ።

ወፍጮው ከካላንደሩ ይበልጣል። ከእንጨት የተሠራ ነው፤ ሥሩ አበባው እንደ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ክንፉ ሲዞር መሬት ላይ ጥላው ይሮጣል። ጋሽ ተፈራ ከባሕር ማዶ ተፈታትቶ መምጣቱ ሲነገራቸው፣ “እሱም ዲቪ ደርሶት ነዋ!” አሉ፤ ኩርፊያቸውም በዚያው አለቀ። ወፍጮ የሰለቻቸው እትዬ ዘነበች ዱቄቱን በጣታቸው አሽተው፣ “ለገንፎ ይሆናል” ብለው ገዙ።

ደረጃው እንደ መሰላል ቀጥ ያለ ስለነበር ሌሎቹ ታች ቀሩ። ጋሼና እኔ ክንፎቹ ወደሚያልፉበት ሰገነት ወጣን። ነፋሱ ነጠላዬን ሊነጥቀኝ ይታገላል። አጥሩን ይዘን አበባውን ቁልቁል ስናይ፣

“የአበባ እርሻ ስትገቢ ስንት ዓመትሽ ነበር?” አሉኝ።

“አሥራ አራት።”

“በስልክ አልነገርሽኝም።”

“አልጠየቁኝም” አልኩ።

ስዘጋጅ ከከረምኩበት ቃል ሁሉ ይቺ አልነበረችበትም። ከአፌ ከወጣች በኋላ ልመልሳት ፈለግኩ፤ አትመለስም። ጋሼ አጥሩን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ክንፉ በፊታችን አለፈ፣ ሌላውም አለፈ። ስንወርድ ከፊቴ ቀድመው፣ እንዳልወድቅ በየደረጃው እጃቸውን ወደ ኋላ እየዘረጉልኝ ነበር። ያም ሆኖ እስከ ኮሎምበስ ድረስ ስለ ቤቱ አንድም ቃል አልተናገሩም።

አሁን በዚህ ዕድሜዬ ሳስበው፣ ያን የፊት ወንበር ባገኘው ኖሮ ሁለታችንም አምስት ሰዓት ሙሉ ዝም ብለን እንሄድ እንደነበር አምናለሁ። እኔ ሰው በዛብኝ ብዬ ተቁነጠነጥኩ፤ ያ ሁሉ ጫጫታ ግን ለእኔም ለእሳቸውም መሸሸጊያ ሆኖን ነበር። ቤቲ እሁድ ማታ የላከችልኝን ፎቶ አየሁት። ወፍጮው ያው ነው፣ ልጆቹ ያምራሉ፣ ማንም ሳጥን አልተሸከመም። እንዲህ ቀሎ መሄድ ደስ ይላል። እኔ ብሆን ግን ምን ይዤ እንደምወጣ አላውቅም።

በግንቦት መጨረሻ የጋሼ ቤት ዕቃ በተጫነ ቀን መኪናው መጀመሪያ የቆመው ሄለን ቤት ደጃፍ ነው። ፍራሼን ጋሼ ራሳቸው፣ ማንም አይንካብኝ ብለው፣ ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክመው አወጡት። ክፍሏን ዞር ዞር ብለው አዩ፤ መስኮቱ መዘጋቱን ሞከሩ። ከዚያ በሩ ላይ ቆመው፣ ላባቸውን በክንዳቸው ጠርገው፣ ከኪሳቸው አንድ ቁልፍ አውጥተው መዳፌ ውስጥ አስቀመጡ።

“የፒከሪንግተኑ ነው፤ ስትመጪ አንኳኩተሽ እንዳትገቢ።”