ባሕር ሽማግሌ ሲልክ

ማን ጥልቅ በይ አለኝ እናንተዬ! አርፌ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ካልሲ በካልሲ ደርቤ፣ በመስኮት አላፊ አግዳሚውን እያማሁ ብኖር ማን ይከለክለኝ ነበር? ደሴ ተወልጄ ከቦርከና ወንዝ ወዲያ ውሃ አይቼ የማላውቅ ሴትዮ፣ ለባሕር አማላጅ ልሁን ብዬ ተነሣሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሏት ሴትዮ በእውነት ትኑር አትኑር አላውቅም ነበር። ለካ እኔው ነኝ፣ የምትኖረውም ለንደን፣ ኬንቲሽ ታውን ነው።

እዛ ያላችሁ ዘመዶቼ፣ እዚህም በየፍላቱ የተበተናችሁ፣ እኔ አስካላ ፊደል አልቆጠርኩም። ይሄን የማወራው ለስልኩ ነው፤ እሱ ይጽፈዋል አሉኝ። ቢሳሳት እሱን ውቀሱት።

ከደሴ የተነሣሁ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ በር ላይ ቆሞ አለቀሰልኝ። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ ሆዴ ግን የአውሮፕላኑ ምግብ ምን ይሆን እያለ ነበር። የመጣሁት ልጄ ጌታሁን ጠርቶኝ ነው። ሚስቱ ሰብለ ልትወልድ ደርሳ፣ «እማዬ፣ አራስ የሚጠብቅልኝ ሰው የለኝም» አለኝ። ጌታሁን ራሱ በአውሮፕላን አልመጣም። በረሃውን በእግርና በመኪና፣ ባሕሩን በጀልባ ነው ያቋረጠው። እንዴት እንደሆነ ነግሮኝ አያውቅም። «ባሕር» ካላችሁት ከተቀመጠበት ይነሣል። ወይ ቧንቧ ሊዘጋ ነው፣ ወይ አውቶብሱ ሊያመልጠው ነው። አውቶብሱን የሚነዳው ደግሞ ራሱ ነው!

ኤርፖርት ላይ አንድ ቀይ የጉምሩክ ሰው ሻንጣዬን ከፍቶ ቅቤዬን አወጣው። አስተርጓሚ በስልክ አገናኙን።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቅቤ።»

«ለምግብ ነው ለፀጉር?»

«እንደ ቀኑ ነው» አልኩት።

አሸተተው፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አይገባም» አለና ወሰደው። እስከ ዛሬ አንድ የጉምሩክ ሰው ፀጉሩ አምሮበት ሲዞር ይታየኛል።

እንግዲህ ለአራስ ተብዬ መጥቼ ይኸው ቀረሁ። የዚህ አገር ፀሐይ እንደ ሀብታም ዘመድ ናት፤ ትታያለች እንጂ አታሞቅም። ቲማቲሙ ያምራል፣ ሲበሉት ግን ውሃ የነከሱ ያህል ነው። ሰው ደጅ ላይ ሲያገኛችሁ ዝናብ እየዘነበ መሆኑን ይነግራችኋል፣ እናንተው ረጥባችሁ ቆማችሁ። ቤታችንም ሻጋታ አበቀለ፤ አንድ ቀን ቤቱን ከሚያከራየን ከካውንስል ሰው ተላከ። የተወለደችው ልጅ ሶልያና፣ ሶሊ የምንላት፣ ያኔ ገና ትንሽ ናት፤ እሷ ታስተረጉማለች።

«መስኮት ክፈቱ» አለ።

«ከከፈትን ብርዱ ይገለናል።»

«ሂተር አብሩ።»

«ካበራን የመብራቱ ሒሳብ ይገለናል።»

«እንግዲያው ዝጉት።»

«ከዘጋን ሻጋታው ይገለናል። እስቲ አንተ ምረጥልን፣ በየትኛው እንሙት?» አልኩት። ሶሊ ዞር ብላ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር አለችው፣ ሰውየው ፈገግ ብሎ ሄደ። «ምን አልሽው?» ብላት «‹ስለመጡ እናመሰግናለን ትላለች› አልኩት» አለችኝ። እንግዲህ ከዚህ አገር ጋር የምንነጋገረው በሷ አፍ ነው። ሰላማችንም የቆየው በሷ አፍ ነው።

ይቺ ልጅ ታዲያ ካደገች በኋላ ባሕር ወደደች። ሌላው ልጅ ዘፋኝ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፣ እሷ የለጠፈችው ዓሣ ነባሪ ነው። መኝታችን አንድ ክፍል ስለሆነ እኔም የምተኛው እሱ ፊት ነው፤ ልብሴን ስቀይር አፍራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ የቴምዝ ወንዝ ውሃ ሲሸሽ ጓንት አጥልቃ ጭቃው ላይ ወርዳ የሰው ቆሻሻ ትለቅማለች። «እማማ፣ ይሄ ሁሉ እኮ ወደ ሲ፣ ወደ ባሕር ነው የሚሄደው» ትላለች። አንድ ቀን እኔንም ይዛኝ ሄደች። የሕፃን መጥረጊያ ዋይፕስ ዳር እስከ ዳር እንደ ቄጤማ ተጎዝጉዟል።

«ይሄን ማን ባለጌ ነው የጣለው?» አልኩ።

«አንቺ» አለችኝ። ለካ ሽንት ቤት እየወረወርኩ ውሃ የምለቅበት እዛ ሄዶ ሲጠብቀኝ ኖሯል!

ሌላ ቀን ደግሞ ከሲንኩ ስር ያጠራቀምኳቸውን ፌስታሎች አገኘች። ሽጉጥ ያገኘ ፖሊስ ነው የመሰለችው።

«ወይኔ እማማ፣ ዘ ተርትልስ! ኤሊው ምግብ መስሎት ይበላዋል እኮ!»

«የኔ ፌስታል ምን አደረገ? አርፎ ቤቱ ተቀምጧል። ኤሊ ሲንክ ስር አይመጣም።»

ትንሽ አሰበችና «አክችዋሊ ራይት ነሽ» አለች። የምወድላት ይሄን ነው፣ ስትሸነፍ ትሸነፋለች። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም ብለን እኔና የቤተ ክርስቲያን ወዳጄ ጋሽ ታምራት ስንጨቃጨቅም «በፍስክም አትብሉት» ብላ ገላገለችን። ከቄሱ ባሰች።

ኋላ ሶሊ ትምህርቷን ስትጨርስ ሁለት ዩኒቨርሲቲ ተቀበላት። አንዱ እዚሁ ለንደን፣ ለፋርማሲ። ሌላው ራቅ ብሎ ባሕሩ አፍንጫ ስር፣ ባሕር ለማጥናት። እስከ ዓርብ ምረጪ አሏት። አባቷ ፋርማሲ አለ፣ አለቀ። «አባዬ፣ ስለ ባሕሩ...» ስትለው ይነሣል፣ ጃኬቱን ያነሣል፣ ይወጣል። አይቆጣ፣ አይሳደብ። ቢቆጣ እኮ እንመልስለት ነበር።

«ዐሥራ ስምንት ሞልቶሽ የለ? እዚህ አገር ማን አባቱን ይጠይቃል? ሂጂያ!» አልኳት።

«ሳይመርቀኝ አልሄድም። ሂ ኢዝ ማይ ዳድ።» ከዛ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እማማ፣ እኔ እኮ ይሄን ነገር የጀመርኩት አባዬ የማያወራውን ልወቅ ብዬ ነው» አለችኝ።

አንጀቴን በላችው። ጥልቅ ያልኩትም ያን ጊዜ ነው። ተነሥቶ የሚወጣን ሰው ምን ያስቀምጠዋል? አሰብኩ፣ አሰብኩና መጣልኝ። የኛ ሰው ከንጉሥ ፊት ሊሸሽ ይችላል፤ ቤቱ ድረስ መጥተው ከቆሙ ሽማግሌዎች ፊት ግን ወዴት ይሄዳል?

ለንደን ሽማግሌ ሞልቷል፣ እሁድ ሥራ የማይገባ ሽማግሌ ግን የለም። ደንቡ ሦስት ነበር፤ አንድ ጋሽ ታምራት ብቻ ተገኘ። እሱ አፉ ያምራል፣ ጉልበቱ ነው እንጂ ያስቸገረው። ሁለተኛ ሳጣ ከበራችን ፊት ለፊት የሚኖረውን አይሪሽ ሽማግሌ፣ ፓትሪክን ያዝኩት። ኮት አለው፣ ሽበት አለው፣ ሌላ ምን ይፈለጋል?

«ስታንድ» አልኩት በእንግሊዝኛዬ። «ኖ ሲት። ታምራት...» ብዬ ራሴን ነቅንቄ አሳየሁት፤ እሱ ሲነቀንቅ ነቅንቅ ማለቴ ነው።

«ሠርግ ነው?» አለኝ።

«ሊትል» አልኩት።

ለሰብለ ደግሞ «እሁድ ለሶሊ ሽማግሌ ይመጣል» ብቻ አልኳት። የያዘችውን ማንኪያ ጣለች።

«ለሶሊ? እትዬ፣ ምን እያሉ ነው? ማነው እሱ? ወረቀት አለው?»

«ድንበር አያውቅም፣ ወረቀት ምን ያደርግለታል?»

«ቤትስ?»

«ሰፊ ነው።»

«ዘመዶቹስ? ደህና ናቸው?»

«ወንዝ ሁሉ ዘመዱ ነው።»

አንዲት አልዋሸሁም። እሷ ግን ቤቱን ከላይ እስከ ታች አጠበችው፣ ሳምቡሳ ጠበሰች፣ ካውንስሉ ያቃተውን ሻጋታ በአንድ ቀን ፍቃ ጨረሰችው። ጌታሁን ሱፉን ለብሶ፣ የማንንም ልጅ እምቢ ሊል ጥርሱን ነክሶ ተቀመጠ። ሶሊ ሁሉንም ታውቃለች፤ ኩሽና ገብታ ፎጣ አፏ ውስጥ ከታ ትስቃለች።

መጡ። ጋሽ ታምራት በሩ ላይ ቆመ። ፓትሪክ ገና ከመግባቱ ሶፋው ላይ ዘፍ አለና ሳምቡሳ አነሣ! ጋሽ ታምራት በክንዱ ጎትቶ አስነሣው፤ ሳምቡሳውን ግን አልተወም።

«ኧረ ተቀመጡ» አለ ጌታሁን።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

«ይሰማ።»

ጋሽ ታምራት ጉሮሮውን ጠራረገ። «ቤታችሁን ፈልገን፣ ስማችሁን ሰምተን መጥተናል። ልጃችሁን ሶልያናን እንድትሰጡን ነው።»

«ለማን?»

«ለባሕር።»

ሰብለ እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«ሄዳ ልታጠናው፣ ልትጠብቀው ልቧ ፈቅዷል» አለ ጋሽ ታምራት። «የቀረው ያንተ የአባቷ ምርቃት ነው።»

ጌታሁን እንደ ልማዱ ተነሣ። ወደ በሩ አየ። በሩ ላይ ጋሽ ታምራት ጉልበቱ እየተብረከረከ፣ ጎኑ ፓትሪክ ሳምቡሳውን እንደ ጧፍ ይዞ።

«አንተ ልጅ፣ ሽማግሌ ቆሞ ልትወጣ ነው?» አልኩት። «እንደዚህ ነው ያሳደግኩህ?»

ቁጭ አለ። «ደንቡ የሙሽራውን ዘር መጠየቅ ነው አይደል?» አለ። «እኔ አልጠይቅም። አውቀዋለሁ። ዳዊትን የወሰደው ነው። እጁን ይዤው ነበር።»

ዳዊት የጎረቤታችን ልጅ ነው፣ ከጌታሁን ጋር አንድ ገበታ ላይ ነው ያደጉት። እኛ እስከዛች እሁድ መንገድ ላይ ጠፋ ብለን ነበር የምናውቀው። ፓትሪክ ምኑም ሳይገባው ራሱን ነቀነቀ፤ ጋሽ ታምራት እንዳልነቀነቀ ሲያይ ግን ደንግጦ ቆም አለ።

ሙሽራ አትናገርም፣ ደንብ ነው። ሶሊ ግን ፎጣውን እንደያዘች ከኩሽና ወጣች። ሳቋ ጠፍቷል።

«አባዬ፣ ዳዊት እዛ ነው ያለው አይደል? እማማ ደሴ ያለው የዘመዶቿ መቃብር ላይ አረም ሲበቅል ሰው ልካ ታስነቅላለች። የሱንስ ማን ያጽዳለት? አይ ዎንት ቱ ዱ ኢት፣ እኔ ላጽዳለት፣ አባዬ። በቃ ይሄ ነው።»

ልጄ ሱፉን እንደለበሰ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ስንት ዓመት ተነሥቶ ሲሄድ የኖረውን ያህል ተቀመጠ። ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቷል፤ ግን የደሴ ልጅ ነው፣ መከራከሪያ አያጣም።

«ደንቡ ዘመድ ማማከር ነው» አለ። «ለሚቀጥለው እሁድ ተመለሱ።»

«ቀኑ ዓርብ ነው፣ ጌታሁን» አለ ጋሽ ታምራት።

«ደንብ ነው፣ ጋሼ።»

«ደንቡንስ አከብራለሁ፣ ጉልበቴ ነው የማያከብረው!»

«የምታማክረው ዘመድ እኔ ነኝ» አልኩ። «እኔ ተስማምቻለሁ። ይኸው፣ አማከርክ።»

ሰብለ ሳቀች፣ ከዛ አለቀሰች፣ ከዛ «ቢያንስ ወረቀት አያስቸግርም» አለች። ጌታሁን ተነሣ፤ አሁን ግን ወደ በሩ አይደለም። የልጁን ራስ በእጁ ያዘና «ወስዶ የሚመልስ ያድርግልሽ» አላት። ሌላ አልጨመረም። «አሜን» ስንል ፓትሪክ ቀድሞን ተቀምጧል።

መስከረም ላይ ራሱ ነድቶ አደረሳት። ያ በባሕር ስም ይሸሽ የነበረ ሰው! ሲመለስ «አየኸው?» አልኩት። «አየሁት» አለና ገብቶ ተኛ። ኮቱን ልሰቅልለት ሳነሣ ኪሱ ከበደኝ፤ አሸዋ የገባበት የተጨማደደ የውሃ ፕላስቲክ ነው። ከባሕሩ ዳር አንሥቶት ኖሯል። እዛው ኪሱ መለስኩለት።

ሶሊ እሁድ እሁድ ትደውላለች። ፀጉሯን ንፋስ እየመታው፣ በስተኋላዋ ያ ውሃ እየጮኸ፣ «እማማ ሉክ! እማማ ሉክ!» ትላለች። ደስ ብሏታል፣ ፊቷ ሁሉ በርቷል። እኔም ስልኩ ላይ እስክስታ እመታላታለሁ። ስትዘጋው ቤቱ ይሰፋብኛል። ሰብለ ሥራ፣ ጌታሁን ሥራ፤ የማሾፍበት ሰው አጣሁ። ባለፈው ከካውንስሉ ሌላ ሰው መጣና አንድ ሰዓት አወራ፤ እኔም «ስለመጡ እናመሰግናለን» የሚለውን በእንግሊዝኛ ስለማላውቀው ሳምቡሳ ሰጥቼ ሸኘሁት።

እሱ እንደወጣ ፓትሪክ ቆሻሻውን ሊጥል በሩን ከፈተ። ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን ቆሜ አገኘኝ። የዛችን እሁድ ነገር ሶሊ ከመሄዷ በፊት አስረድታዋለች። ወደ ቤት ውስጥ አየ፣ የሶሊን ባዶ ጫማ መደርደሪያ አየ፣ እኔን አየ። በእንግሊዝኛ፣ ቀስ እያለ፣ አንድ አንድ ቃል እየለየ ነው የተናገረው፤ የሚያስተረጉም ሰው ሳያስፈልገኝ ሁሉም ገባኝ።

«አስካላ፣ አንቺ ቂል ነሽ» አለኝ። «ሽማግሌ መላክ የነበረብሽ እንዳትሄድ ነበር።»